ደጋኑን ሰብረን ፍላጻውን ረሳነው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና እስኪፈላ አንብቡት፤ ካልተመቻችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ከተማችን ደጋን ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርድ መኪና ሁሉ በመሃሏ ያልፋል፤ ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያተኛ ያደምቃታል። ታዲያ ደጋን የሚለው ቃል የከተማ ስም ብቻ አይደለም። ጎበጥ ያለ እንጨት ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት የተወጠረበት፣ ፍላጻ የሚያስፈነጥረው ዕቃ ደጋን ይባላል። እናቶቻችን ጥጥ የሚያፍታቱበትም ደጋን ነው። ንብ ትነድፋለች፣ እባብ ይነድፋል፣ ጥጥም በደጋን ይነደፋል። የፍላጻም ሥራ መንደፍ ነው። አንድ ግስ ሁሉንም ይዞ ተቀምጧል።

በቀደም አስረኛ ክፍል ገብቼ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ሳስተምር ቦርዱ ላይ ደጋን ሣልኩ። "ይሄ ምንድን ነው?" ስላቸው ክፍሉ በሙሉ "ቀስት!" አለ። የሚወረወረውን ሣልኩ። "ይሄስ?" "እሱም ቀስት!" አይፈረድባቸውም። በግዕዙ ቀስት ማለት ደጋኑ ነው፤ ዛሬ ግን ስልካችን ላይ መንገድ የሚጠቁመውን ምልክትም ቀስት እንለዋለን። ቃሉ ከደጋኑ ወደ ፍላጻው ተንሸራቷል። ፍላጻ የሚለውን ያወቁት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። "ፍላጻዎቹ የሚከተቱበትስ?" አልኩ። ዝም። "ኮረጆ ይባላል" ስላቸው አንዱ "የምርጫ?" አለኝ። ሌላው ከኋላ ሆኖ "ቲቸር፣ ኩረጃ ማለትህ ነው?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

እኔም ስቄ ወጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስሙን አልጠራም። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ከትምህርት ሲወጣ የሚውለው ማማ ላይ ነው፤ የቤተሰቡን ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቃል። ወንጭፉ አልበቃ ብሎት በእጁ ደጋን ሠራ። ስድስት ፍላጻም ሠራ፤ ሦስቱን ከሸምበቆ፣ ሦስቱን ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ። አንድ ቀን ለጓደኞቹ ሊያሳይ ይዞት መጣ። ደጋኑን ጅማቱን ፈትቶ ዴስኩ ሥር አጋደመው። ፍላጻዎቹን ግን ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ደብተር መያዣ ቦርሳው ውስጥ ሰካቸውና ቦርሳውን እንዳዘለ ተቀመጠ። እስክሪብቶው ወደቀበት፤ ጎንበስ አለ። ከኋላው ያለችው ልጅ በዚያው ቅጽበት ከቦርድ ልትገለብጥ ወደ ፊት ተጠግታ ነበር። የጃንጥላው ሽቦ ከቅንድቧ በላይ ቀደዳት። ፊቷን ደም አለበሰው። ከዓይኗ የቀረው የአንድ ጣት ስፋት ነው። አላህ አወጣት።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተሰበሰበ። እኔም አባል ነበርኩ። ደጋኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሁላችንም የምናየው እሱን ነው። "መሣሪያ ይዞ ግቢ መግባት" ተባለ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ደጋኑ በፊታችን ተሰበረ፣ ልጁ ለዓመቱ ታገደ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ያን ቀን ግን አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ "ልጅቷን ያቆሰላት እኮ ደጋኑ አይደለም፤ የፍላጻው አያያዝ ነው" አላለም። ፍላጻዎቹን ጥግ ላይ ጥለናቸው ወጣን። በሳምንቱ አንድ ትንሽ ልጅ ከነዚያ የጃንጥላ ሽቦዎች አንዱን ሜዳ ላይ ሲወረውር አግኝቼ ቀማሁት። ያ ሽቦ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ልጁ በዓመቱ አልተመለሰም። ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ስመጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ሆኖ አገኘሁት። ሂሳብ ስሰጠው "ቲቸር፣ አንተ አትከፍልም" ብሎ መለሰልኝ። ወላሂ በዚያ ሃያና ሠላሳ ብር ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ስወርድ በሩን ይዞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የሸምበቆዎቹን ፍላጻዎች የት አደረሳችኋቸው? ላባቸውን እኮ ሁሉንም ከአንድ ክንፍ ነበር የመረጥኩት።"

ላባ ከአንድ ክንፍ! ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ማማው ላይ ሆኖ እየወረወረ ነው የደረሰበት። እኔ ባለዲፕሎማው የፊዚክስ መምህር ያኔ ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ማንበብና መሞከር ጀመርኩ። ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው የሚያየውም የሚፈራውም ደጋኑን ነው፤ ዒላማ የሚመታው ግን በደንብ የተመረጠ ፍላጻ ነው፤ ከአደጋ የሚያድነው ደግሞ ኮረጆው ነው። እኛ ሁለቱን ትተን ደጋን ስንሰብር እንኖራለን።

እስኪ ከፍላጻው ልጀምር።

መጀመሪያ ክብደት። ቀላል ፍላጻ ስለሚፈጥን ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ደጋኑ ያጠራቀመውን ጉልበት ፍላጻው ይዞት መሄድ አለበት። ፍላጻው በጣም ከቀለለ የቀረው ጉልበት ተመልሶ ደጋኑን ይመታዋል፤ ባዶ ጅማት ስቦ እንደመልቀቅ ማለት ነው። ደጋን የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። በባህላዊ ደጋን የሚያድኑ ሰዎች የሚከተሉት ልክ ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ፣ ደጋኑን ለመሳብ ለሚያስፈልገው እያንዳንዱ ኪሎ ከ1.1 እስከ 1.4 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ነው። ለመሳብ 20 ኪሎ የሚጠይቅ ደጋን ከ22 እስከ 28 ግራም የሚሆን ፍላጻ ይፈልጋል ማለት ነው። የ8 ኪሎ የልጅ ደጋን ከሆነ ከ9 እስከ 11 ግራም። የማሽላ አገዳ ከዚህ በታች ስለሚሆን ጫፉን ማክበድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ግትርነት ነው፤ ትልቁ ምሥጢር እዚህ ጋ ነው። ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። በስሎው ሞሽን የተቀረጸ ቪዲዮ ያየ ሰው ግን ይደነግጣል፤ ጅማቱ ሲለቀቅ ፍላጻው እንደ ዓሣ እየተጠማዘዘ በደጋኑ ጎን ያልፍና ከዚያ በኋላ ነው የሚስተካከለው። ስለዚህ ፍላጻው ለደጋኑ ጉልበት የሚመጥን ልምጥ ያስፈልገዋል። ለቀኝ እጅ ተኳሽ በጣም ደረቅ የሆነው ወደ ግራ ይወጣል፣ በጣም የላላው ወደ ቀኝ። ልጆች "ዓይኔ ነው የሳተው" ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚስተው እንጨቱ ነው።

ይህን ለመለካት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ፋብሪካዎች ዘንጉን በ71 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በሁለት ነገር ያስደግፉና መሃሉ ላይ 880 ግራም ያንጠለጥላሉ፤ ከዚያ ምን ያህል እንደረገበ ይለካሉ። እኔ ሁለት ወንበርና በፌስታል የተመዘነ ጨው ተጠቅሜ ክፍል ውስጥ ሠርቼዋለሁ። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር የሚረግቡትን ለየን። ደጋኑ ሲጠነክር ደረቅ ያለ ዘንግ ይፈለጋል። ዘንጉ ሲረዝም ወይም ጫፉ ሲከብድ ደግሞ ያው ዘንግ ልል ይሆናል። ዋናው ነገር ስድስቱም ፍላጻ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ ጥሩና አምስት ልዩ ልዩ ፍላጻ ከያዘ ሰው ይልቅ ስድስት መካከለኛ ግን ተመሳሳይ ፍላጻ የያዘ ዒላማውን ያገኛል።

ሦስተኛው ላባ። ሦስት ላባ በእኩል ርቀት ይጣበቃል፤ ሦስቱም ከግራ ክንፍ ወይም ሦስቱም ከቀኝ ክንፍ መሆን አለባቸው። የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ተፈጥሯዊ ጉብጠቱ ተቃራኒ ነው፤ ከተደባለቀ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያሽከረክራል። ከአንድ ክንፍ ሲሆን ፍላጻው ባንድ አቅጣጫ እየተሽከረከረ ቀጥ ይላል። ያ ልጅ ያለኝ ይህንን ነበር። የላባ ሌላው ጥቅም በደጋኑ ጎን ሲያልፍ መተኛቱ ነው፤ ፕላስቲክ ይጋጫል።

አራተኛው ጫፍ። ጥይት ከሩቅ በኃይሉ ይጥላል፤ የአደን ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቁረጥ ነው። ስለዚህ የዶለዶመ ወይም ለደጋኑ ያልተስማማ ፍላጻ እንስሳውን አይገድለውም፤ አቁስሎት ጫካ ውስጥ ለቀናት ያሰቃየዋል። ፈቃድ አውጥተው በባህላዊ ደጋን የሚያድኑ ጠንቃቃ ሰዎች ከ20 ሜትር ብዙ ርቀው የማይወረውሩት ለዚህ ነው። የጃንጥላ ሽቦን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ላባ የለውም፣ ልምጡ አይታወቅም፣ የሚሄድበትን አታውቁም። ፍላጻ ሳይሆን አደጋ ነው።

አሁን ወደ ኮረጆው ልምጣ። ልጁም እኛም የወደቅነው እዚህ ጋ ነውና።

ፊልም ላይ የምናየው በጀርባ የሚታዘለው ነው። ያምራል፤ ግን ጎንበስ ስትል ፍላጻው ይፈስሳል፣ ስትሄድ ይንኳኳል፣ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ደጋኑ ላይ የሚታሰርም አለ፤ ፍላጻውን ለእጅ ቅርብ ያደርገዋል፣ ግን ደጋኑን ያከብደዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ነው፤ ፍላጻው ከዓይን አይርቅም፣ ጫፉ ወደ ታች ነው፣ ሲቀመጡም ተፈትቶ አጠገብ ይቀመጣል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ የጫፉን ስለት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ወይ? ጎንበስ ሲባል ፍላጻው ውስጡ ይቆያል ወይ? ላባውን ከዝናብ ይጠብቃል ወይ? ላባ ከራሰ ይተኛል፤ የተኛ ላባ ፍላጻን አይመራም። ከተጣለ የውሃ ቱቦ፣ ከቁራጭ ቆዳና ታች ከሚነጠፍ ስፖንጅ ጥሩ ኮረጆ ይወጣል፤ እኔ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ኦትዚ የሚባለው ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው የቆዳ ኮረጆ ነበረው። ውስጡ 14 ፍላጻ ተገኝቷል፤ ጫፍና ላባ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት 12ቱ ያላለቁ ዘንጎች ናቸው። ደጋኑም ገና እየተጠረበ ነበር። ያ ሰው ኮረጆውን እንደ ዕቃ ቤቱ ነበር የተሸከመው። በምሥራቅ አፍሪካም መርዝ የተቀባ ፍላጻ የሚጠቀሙ አዳኞች መርዙ ያለበትን ቦታ በስስ ቆዳ ይጠቀልሉታል፤ አንድም እንዳይደርቅ፣ አንድም ሰው እንዳይነካ። አዳኝ ማለት ከመወርወሩ በፊት መሸፈኑን የሚያስብ ሰው ነበር።

በልጅነታችን ቁርአን ቤት ስንቀራ የሰማነውን ሐዲስስ ማን ያስታውሳል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ወዳጆቼ፣ መወርወርን ያበረታቱት እሳቸው ናቸው፤ አያያዙንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኛ ኮሚቴ ተቀምጠን ያን ሁሉ ስናወራ ይህቺ ትዕዛዝ ለማናችንም ትዝ አላለችንም።

ርቀን እንሂድ ካላችሁ ደግሞ የራሳችን ክልል ይበቃናል። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በመተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ስለተደረገ ቁፋሮ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ፣ በኢንዶኔዥያ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ እዚያ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የእሳተ ገሞራው ደቃቅ ብርጭቆ እስከዚያ ደርሶ ከአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ ዓሣ ማጥመዱን አበዙት። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ ቅርጻቸውንና መጠናቸውን አይተው የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ በዓለም ላይ ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ የፍላጻ ምልክቶች አንዱ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደጋኑ በስብሶ ጠፍቷል፤ የቀረው የፍላጻው ጫፍ ነው። እኛ የሰበርነው የሚጠፋውን ነው። ሜዳ ላይ የጣልነው ደግሞ የሚቀረውን።

"በዚህ ጊዜ ስለ ፍላጻ ትጽፋለህ?" የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ጊዜው ከባድ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ልጆቻችን ቀለህ እየሰበሰቡ ተጫውተዋል። ዛሬ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ የመሣሪያውን ዓይነት በድምፁ ብቻ ይነግራችኋል። ስለዚህ ነው የምጽፈው። እነዚህ ልጆች መሣሪያን የተማሩት ከፍርሃት ነው፤ ጥንቃቄን ያስተማራቸው የለም። መሣሪያ ማለት ኃላፊነት መሆኑን፣ ስለቱ መሸፈን እንዳለበት፣ ከመልቀቅህ በፊት ከዒላማው ኋላ ማን እንዳለ ማየት እንዳለብህ በሸምበቆና በላባ ማስተማር ይቻላል። ደም ሳይፈስስ።

"ለምን ጭራሽ አይከለከልም?" ለሚለኝም፣ ክፍል ውስጥ ይከልከል፤ እስማማለሁ። ግን ማማ ላይ ያለውን ልጅ ማን ይከለክለዋል? እሱ ይሠራዋል። ጥያቄው አውቆ ይሥራው ወይስ ሳያውቅ ነው። አደንን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፦ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ድኩላውም ሆነ ዝንጀሮው የልጆቻችን መለማመጃ አይደለም። ዒላማችን ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ነው።

ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር የለኝም።

አንደኛ፣ እኛ መምህራን አንድ ልጅ በእጁ የሠራውን ነገር ይዞ ሲመጣ ከመስበራችን በፊት "እንዴት ሠራኸው?" ብለን እንጠይቅ። ቅጣት ካስፈለገ ከጥያቄው በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ኃይልና እንቅስቃሴን ስናስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ ለፍላጻ እንስጥ። ሁለት ወንበር፣ ጨው፣ ሸምበቆና የማሽላ አገዳ ይበቃል። የቦርዱን ፎርሙላ የማይወድ ልጅ እዚህ ላይ እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስሟ ደጋን በሆነች ከተማ አንድ የፍላጻ ክበብ ቢኖረን አያሳፍርም። ጫፉ ድፍን በሆነ ፍላጻ፣ በጆንያ ዒላማ፣ በትልቅ ሰው ክትትል። ሕጉ አንድ ይሁን፦ ኮረጆ ያልሠራ ደጋን አይነካም። መጀመሪያ ኮረጆ፣ ቀጥሎ ፍላጻ፣ መጨረሻ ደጋን።

የቀረኝ አንድ ዕዳ ነው። ያቺ የተጎዳችው ልጅ ዛሬ ደህና ናት፤ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ምልክት አለ። ልጁ ግን ትምህርቱ ቀርቷል፤ በዚያ ውሳኔ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ባለፈው ሰኞ መናኸሪያ ሄጄ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አፍሮ መሬት መሬት አየ። "የማታ ትምህርት ተመዝገብ፣ ፊዚክሱን እኔ አስጠናሃለሁ" አልኩት። "ቲቸር፣ ሥራው አያደርሰኝም እኮ" አለኝ። አልተውኩትም። ክበቡ ከተቋቋመ ላባ አመራረጥ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። አልመለሰልኝም፤ ግን ሳቀ። ከዚያ "ባቲ! ባቲ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ወደ መኪናው ሮጠ።

የደጋን ልጆች፣ ውጭ ያላችሁም እዚህ ያላችሁም፣ እስኪ ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ አባቶቻችሁን ጠይቁልኝ፦ በልጅነታቸው ፍላጻ ከምን እንጨት ይሠሩ ነበር? የሚከተቱበትንስ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? መልሱን ለክፍሌ አነብላቸዋለሁ።

መልካም ምሽት።